«ልውጥ»፣ «ድቅል»፣ «ምርጥ»፦ የትኛው ዘር የቱ ነው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ ለትርጉም የቀረበ ጽሑፍ ውስጥ «መርዝ የሚያመርት ዲቃላ የጥጥ ዘር» የሚል ሐረግ አለ። ደሴ ሰኞ ገበያም ወፈር ያለ ቲማቲም ሁሉ «ጂኤምኦ (ልውጥ) ነው» ይባላል። «ምርጥ ዘር»ም «ልውጥ» ማለት ነው እንዴ? ጋሽ ጦሳ፣ ምን ይላሉ?

ጦሳ (ደሴ)፦ አይደለም። «ምርጥ» የአሠራር ስም አይደለም፤ ተፈትሾና ጸድቆ የተሠራጨ ዘር ሁሉ ምርጥ ይባላል። ቁንጮ ጤፍ ምርጥ ዘር ነው፤ የተገኘው በተለመደው ማዳቀልና በመምረጥ ነው። «ድቅል» ደግሞ የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የሚገኝ የመጀመሪያ ትውልድ ነው፤ ቢኤች 660 በቆሎ እንደዚያ ነው። «ዲቃላ» ማለት ስሕተት ባይሆንም ቃሉ ስድብ ያዘለ ነውና በጽሑፍ «ድቅል» ይሻላል።

«ልውጥ» የሕግ ቃል ነው። የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 «ልውጥ ሕያው» ይላል፤ በዘመናዊ ባዮቴክኖሎጂ ዘረመሉ የተለወጠ ሕይወት ያለው ነገር ማለት ነው። ቃሉ «ሕያው» ስለሚል ከልውጥ አኩሪ አተር የተጨመቀ ዘይት በራሱ ልውጥ ሕያው አይደለም፤ የልውጥ ሕያው ውጤት ነው። የሰኞ ገበያው ቲማቲም ግን ከዚህ የለበትም፤ ለአገራችን ማሳ ልውጥ ቲማቲም አልተፈቀደም።

ሐይቅ፦ «ልውጥ ዘር መካን ነው፣ ተመልሶ አይበቅልም» የሚባለውስ?

ጦሳ፦ እዚያ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ዘሩ እንዲመክን የሚያደርግ ዘዴ በእርግጥ ታስቦ ነበር። የአሜሪካው የዘር ኩባንያ ሞንሳንቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ እንደማያቀርበው አስታወቀ፤ በ2000 ደግሞ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች ማሳ ላይ እንዳይሞከር መከሩ። ገበያ አልወጣም። በየዓመቱ ዘር የሚያስገዛው ድቅልነት ነው። የድቅልን ምርት መልሳችሁ ብትዘሩት ይበቅላል፤ ግን የወላጆቹ ባሕርይ ይበታተናል፤ አንዱ አገዳ ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ ምርቱም ያነሰ ይሆናል።

ቦርከና፦ እሺ፣ «መርዝ»ስ?

ወይራ (ኮምቦልቻ)፦ «መርዝ» ሲባል አንባቢ የሚረጨውን ኬሚካል ያስባል። ሐረጉ የሚያወራለት ጥጥ «ቢቲ ጥጥ» የተባለው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ የመጣ ዘረመል ገብቶበት ነው። በዚህ ዘረመል ጥጡ ራሱ አንድ ፕሮቲን ይሠራል። የጥጥ ተባይ የሆነው ጓይ ትል ቅጠሉን ወይም ፍሬውን ሲበላ ፕሮቲኑ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) በሆነው አንጀቱ ውስጥ ይሟሟል፤ ይቆራረጥና ከአንጀት ሕዋሳቱ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳ ያበጃል። ትሉ መብላት አቁሞ ይሞታል። የሰው ጨጓራ አሲድ ነው፤ አንጀታችንም ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት ተቀባይ የለውም። ስለዚህ «ጓይ ትልን የሚገድል ፕሮቲን» ብትል ልክ ትሆናለህ።

ግን የተክሉን ጭማቂ የሚመጠውን ክሽክሽን አይነካም፤ ለእርሱ መርጨት ይቀጥላል። ትሎቹም ይለምዱታል። ለዚህ ነው ፕሮቲኑን ያልለመዱ ትሎች ተርፈው ከለመዱት ጋር እንዲራቡ፣ መልመዱም እንዲዘገይ ከማሳው ጎን ተራ ጥጥ የሚዘራው፤ ሕንድ ውስጥ የታዘዘው 20 በመቶ ወይም ዙሪያውን 5 ረድፍ፣ ከሁለቱ የበዛው ነበር። ብዙ ገበሬ ስላልዘራው ሮዙ የጥጥ ትል እዚያ ለምዶታል።

ሐይቅ፦ «ደህንነቱ ተረጋግጧል» ይባላል ወይስ አይባልም? (መቼም «ደህንነት» ሲባል ከተማ ውስጥ ሌላም ሰው ይታሰባል።)

ወይራ፦ በጥቅሉ አይባልም፤ ስለ ሁሉም ልውጥ በአንድ ቃል መፍረድ ልክ አይሆንም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያሉት ገበያ ላይ ያሉት ልውጥ ሰብሎች ከተለመዱት ይልቅ ለሰው ጤና አደገኛ መሆናቸውን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘንም ነው። የብራዚል ለውዝ ዘረመል የገባበት አኩሪ አተር ግን እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ ለለውዙ አለርጂ ባለባቸው ሰዎች ደም ሲፈተሽ፣ አለርጂ አምጪው ፕሮቲን ተሻግሮበት ተገኘ፤ ለገበያም ሳይቀርብ ቀረ። «ደህና ነው?» ከማለት «የገባው ዘረመል ምን ይሠራል? በማን ላይ ተፈተሸ?» ማለት ይሻላል።

ጦሳ፦ አንድ ልጨምር። በ2010 ዓ.ም. አገራችን የፈቀደቻቸው ሁለቱ የቢቲ ጥጥ ዝርያዎች ልውጥም ድቅልም ናቸው። ስለ ዘር መግዛት የሚነሳው ቅሬታ ከድቅልነቱ፣ ስለ ትሉ የሚነሳው ክርክር ከልውጥነቱ ነው የሚመጣው።

ቦርከና፦ እንግዲያው ሐረጉ እንዲህ ይሁን፦ «ከአፈር ባክቴሪያ የመጣ ዘረመል የገባበት፣ ጓይ ትልን የሚቋቋም ልውጥ የጥጥ ድቅል»።

ጦሳ፦ ረዘመ እንጂ ልክ ነው።