«ራን» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ፍቺዎች እንዴት ይለያሉ?

ተንከባካቢዋ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። አረጋውያንን በቤታቸው የመንከባከብ ሥራ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። እንግሊዝኛን አገር ቤት እስከ 12ኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ የተጻፈ ነገር ማንበብም ብዙ አይቸግረኝም። ግራ የሚያጋባኝ ረጅምና ከባድ ቃል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፍቺ ስላለው መዝገበ ቃላት ገልጬ አገኘዋለሁ። ግራ ያጋባኝ ገና በልጅነቴ «መሮጥ ማለት ነው» ተብሎ የተነገረኝ «ራን» የሚባለው ትንሽ ግሥ ነው።

ባለፈው ሳምንት የሌሊቷ ተረኛ በተወችልኝ ማስታወሻ ላይ ይህን ግሥ በአንድ ገጽ አምስት ጊዜ ተጽፎ አገኘሁት። እኔ በማውቀው ፍቺ ካነበብኩት፣ አዛውንቱ ትኩሳት ይሮጣሉ፤ አፍንጫቸውም ይሮጣል፤ እኛ ደግሞ በጓንት በኩል ዝቅ ብለን እየሮጥን ነው፤ ገላቸውን ከማጠቤ በፊት ገንዳውን ማስሮጥ አለብኝ፤ ከመድኃኒት ቤት ዕቃ የሚያደርሰው ሰው ግን ዘግይቶ እየሮጠ ስለሆነ ልጠብቀው ይገባል። አራቱን እንደ ምንም ከነገሩ ሁኔታ ገምቼ ተረዳሁ። የመጨረሻውን ግን ሰውየው እየተጣደፈ ነው፣ አሁኑኑ ይደርሳል ብዬ ስለተረጎምኩት፣ ውሃውን ሳልከፍት በር በሩን እያየሁ ቆየሁ። የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ አዛውንቱም ያን ያህል ጊዜ ገላቸውን ሳይታጠቡ ጠበቁኝ። ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከነከነኝ።

እነዚህ ሁሉ ፍቺዎች የሚገናኙበት አንድ ሥር አላቸው ወይስ አንድ በአንድ መሸምደድ ነው ያለብኝ? ሰው ሲናገርስ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው የሚለይበት ምልክት ምንድን ነው?

አንባቢ ከዳላስ

እኅቴ፣ የገጠመዎት ግሥ በእንግሊዝኛ ውስጥ እጅግ ብዙ ፍቺ የተቆጠረለት መሆኑን ቢያውቁ ምናልባት ይጽናኑ ይሆናል። የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ1989 በ20 ቅጾች ሲወጣ፣ ቀዳሚውን ቦታ ይዞ የነበረው «ሰት» የሚለው፣ በመሠረቱ ማስቀመጥ ማለት የሆነው ግሥ ነበር፤ 430 ያህል ፍቺ ነበረው። ለሦስተኛው እትም በተደረገው ክለሳ ግን ፒተር ጊሊቨር የተባሉት አዘጋጅ «ራን»ን ብቻ ይዘው ዘጠኝ ወር ያህል ከሠሩ በኋላ፣ ለግሡ 645 ፍቺ ቆጠሩለት። ሙያው የሆነ ሰው ዘጠኝ ወር ከፈጀበት፣ እርስዎ በስምንት ወር አልያዝኩትም ብለው ሊያዝኑ አይገባም። በእኔ አስተያየት መልሱ መሸምደድ ነው፤ በየቀኑ ሁለት ሁለት ፍቺ ከነምሳሌው በደብተር ይያዙ።

መምህር ከደብረ ማርቆስ

ከላይ የተሰጠው መልስ በቅን ልብ የቀረበ መሆኑን ባልጠራጠርም፣ በመሸምደዱ ሐሳብ አልስማማም። እንግሊዝኛ ሳስተምር ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ይህን ግሥ በዝርዝር የሸመደደ ተማሪ ዝርዝሩን በፈተና ላይ ሲጽፍ እንጂ ሰው ሲናገር ሲጠቀምበት አላየሁም። ጥፋቱም የእኛ የመምህራኑ ነው። የሯጮች አገር ሰዎች ነንና፣ ግሡን የምናስተዋውቀው «ኃይሌ ይሮጣል» በሚል ምሳሌ ነው። ምሳሌው ለልጅ ልብ የቀረበ ቢሆንም፣ ቃሉን ከእግር ጋር አጣብቆ ያስቀረዋል፤ ከዚያ ወዲያ አፍንጫም ሆነ ገንዳ በሮጠ ቁጥር ተማሪው ይደናገራል።

ሥር አለው ወይ ላሉት፣ አዎን አለው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሪናን» ይባል የነበረው ግሥ የሰውን መሮጥም የውሃን መፍሰስም ይገልጽ ነበር። የሥጋ ዘመዱ በሆነው በጀርመንኛ እስከ ዛሬ «ሪነን» ማለት መፍሰስ፣ «ሬነን» ማለት ደግሞ መሮጥ ነው። እንግዲህ የቃሉን እምብርት እግር ሳይሆን በመንገዱ ላይ ሳይቋረጥ የሚሄድ ነገር አድርገው ቢያስቡት፣ አፍንጫ መውረዱ፣ የታጠበ ልብስ ቀለም መልቀቁ፣ አውቶቡስ በየ15 ደቂቃው መመላለሱ፣ አንድ ጠባይ በቤተሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ መውረዱ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። እኛስ ብንሆን በዘር የሚመጣውን ነገር «ይወርዳል» አይደል የምንለው?

ከዚህ ይበልጥ የሚጠቅምዎት ግን የሚከተለው ይመስለኛል። አማርኛ ሄደ እና አስኬደ፣ ፈሰሰ እና አፈሰሰ እያለ፣ ድርጊቱን ራሱ የፈጸመውን ሌላው እንዲፈጽም ካደረገው የሚለየው በግሡ መልክ ነው። ጥንት እንግሊዝኛም እንዲሁ ነበር፤ ለመሮጥ አንድ ግሥ፣ ለማስሮጥ ደግሞ ከእርሱ የተገኘ ሌላ ግሥ ነበረው። ዘመን ሲሄድ የሁለቱ መልክ ተዋሐደና ዛሬ ሁለቱም «ራን» ሆነው ቀሩ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሞተሩ ራን» ሲል ሞተሩ ይሠራል ማለቱ ነው፤ «ሞተሩን ራን» ሲል ደግሞ ሞተሩን አስነሣ ማለቱ ነው። በእነርሱ ቋንቋ «ን» የለችምና ልዩነቱን የሚነግረን የቃላቱ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ከግሡ በኋላ ተሳቢ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ፣ በልብዎ «አስ» የምትለዋን ፊደል ይጨምሩበት። ሆቴልን «ራን» ማድረግ ሆቴሉን ማስኬድ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን «ራን» ማድረግ ፕሮግራሙን ማስኬድ ነው። እኛም እኮ የድርጅት ኃላፊን «ሥራ አስኪያጅ» ብለን ስንሰይም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ እነርሱ ሥራውን ያስሮጣሉ፣ እኛ እናስኬደዋለን። የእርስዎ ገንዳም በዚሁ ይፈታል፤ ውሃው ወደ ገንዳው እንዲሄድ ያድርጉ ማለት ነው።

ጓንት ማለቁን የሚመለከተው አነጋገር ግን ሌላ ችግር አለበት። አማርኛ «ጓንት አለቀብኝ» ሲል ያለቀው ጓንቱ ነው፤ እኔ በግሡ ጫፍ ላይ ጉዳቱ እንደ ደረሰበት ሰው ተንጠልጥዬ እቀራለሁ። «ራን አውት» በሚለው አነጋገር ግን እንግሊዝኛ ሰውየውን ባለቤት ሊያደርገው ይችላል፤ በቀጥታ ቢተረጎም ሰውየው ከጓንት አለቀ እንደ ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን አነጋገር ሰምተው መረዳት ሳይሆን ራሳቸው መናገር ያቅታቸዋል፤ ምክንያቱም አእምሯቸው ጓንቱን ይዞ ይጀምራል። «ብኝ» ብለው ሊጨርሱት ያሰቡትን ዓረፍተ ነገር በ«እኔ» ይጀምሩት፤ ይቃናል።

በመጨረሻም፣ የእንግሊዝኛው ግሥ የተለየ ዕብድ አይምሰልዎት። የራሳችን «ጣለ» ዝናብ ይጥላል፣ ዕቁብ ይጥላል፣ ድንኳን ይጥላል፣ መሠረት ይጥላል፤ ዶሮዋም ዕንቁላል ትጥላለች። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ድንኳን መጣል ማለት መትከል፣ ዕቃ መጣል ግን ማስወገድ መሆኑን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ያስቡት። እኛ ግራ የማይገባን ሸምድደነው ሳይሆን ዘወትር ከተሳቢው ጋር አብረን ስለሰማነው ነው።

አስተርጓሚ ከሚኒሶታ

የመምህሩን ማብራሪያ በአድናቆት አንብቤዋለሁ። ሥራዬ ፍርድ ቤት ውስጥ ማስተርጎም ስለሆነ፣ ይህን ግሥ መሳት ሰውን የሚጎዳባቸውን ሁለት ቦታዎች ልጨምር።

የመጀመሪያው ቅጣትን ይመለከታል። ዳኛ በሁለት ጥፋቶች ሦስትና አምስት ዓመት ፈርደው፣ ቅጣቶቹ ጎን ለጎን «ራን» ያደርጋሉ ካሉ ሰውየው የሚታሰረው አምስት ዓመት ነው፤ ተከታትለው «ራን» ያደርጋሉ ካሉ ግን ስምንት ዓመት ነው። እዚህ ላይ ግሡ «ይቆጠራል» ማለት ነው፤ እኔም ሁልጊዜ የምተረጉመው «ቅጣቶቹ በአንድነት ይቆጠራሉ» ወይም «አንዱ ሲያልቅ ሌላው መቆጠር ይጀምራል» ብዬ ነው።

ሁለተኛው ይርጋ፣ ማለትም ክስ ለማቅረብ በሕግ የተወሰነው ጊዜ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የምጠነቀቀው በዚህ ነው። የይርጋው ጊዜ «ራን» ማድረግ ጀምሯል ከተባለ መቆጠር ጀመረ፣ ገና ክስ ማቅረብ ይቻላል ማለት ነው። ይኸው ግሥ በተፈጸመ ጊዜ ሲነገር ግን ጊዜው ሄዶ ሄዶ አልቋል፣ መብቱ በይርጋ ቀርቷል ማለት ይሆናል። የግሡ ጊዜ ብቻ ተለውጦ ትርጉሙ ተቃራኒ ሆነ። አንድ ባለጉዳይ ከጠበቃው ጽሕፈት ቤት የደረሰውን ደብዳቤ በራሱ አንብቦ «ጊዜው እየሄደ ነው» የተባለ መስሎት ተረጋግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ደብዳቤው ግን የሚለው ጊዜው አልፏል ነበር። እኔ ዘንድ ሲያመጣው ምንም ማድረግ አልተቻለም።

መምህሩ ይፍቀዱልኝና በአንድ ነገር ግን አልተስማማሁም። ሁሉ ነገር ከመፍሰስና ከማስኬድ አይወጣም። ሾፌር ቀይ መብራትን «ራን» አደረገ ማለት መብራቱን ጣሰ ማለት ነው እንጂ መብራቱን አስኬደ ማለት አይደለም። ፖሊስ የመኪናን ሰሌዳ «ራን» አደረገ ሲባል ቁጥሩን በኮምፒውተር አስገብቶ አጣራ ማለት ነው፤ ይህስ በጥቂት ድካም ወደ ማስኬድ ሊመለስ ይችላል። ለምርጫ መወዳደርም በአሜሪካ «ራን» ሲሆን፣ በብሪታንያ ግን «ስታንድ»፣ ማለትም መቆም ነው። ለአንድ ድርጊት አንዱ አገር ይሮጣል፣ አንዱ ይቆማል። ስለዚህ ሥሩን ይያዙ፤ ከሥሩ የራቀ ሲገጥምዎ ግን በግድ ሊጎትቱት አይሞክሩ።

ነርስ ከሲያትል

እኅቴ፣ ሥራችን ስለሚቀራረብ ባጭሩ ልጨምር። ትኩሳትን በተመለከተ የመምህሩ ደንብ አይሠራም፤ ተሳቢ ቢኖረውም ሰውየው ትኩሳቱን አያስኬደውም፣ ትኩሳት አለው ማለት ብቻ ነው፤ እንዳለ ይያዙት። ይኸው ቃል እንደ ስም ሆኖ በብዙ ቁጥር ከተነገረ ደግሞ ተቅማጥ ማለት ነው፤ አረጋውያኑ በሐፍረት ዝቅ ባለ ድምፅ ስለሚናገሩት እንዳያመልጥዎት።

ለወደፊቱ ነርስነት ለመማር ካሰቡ ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትን የሚመለከት ትእዛዝ ይገጥምዎታል። «ይህን በአንድ ሰዓት ራን አድርጊው» ሲባል መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ገብቶ ያልቅ ማለት ነው። መሮጥን ብቻ የሚያውቅ ጆሮ ግን የሚሰማው «አፍጥኚው» የሚል ነው፤ ፈጥኖ መግባት የሌለበት መድኃኒት ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይረዳኛል። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ከግሡ ቀጥላ የምትመጣው «ኦቨር» የምትባለው ቃል የምትናገረው የጊዜውን ርዝመት ነው፤ መኪና ሰውን ዳጠ በሚባልበት አነጋገርም ይህችው ቃል ከዚሁ ግሥ ጋር ትመጣለች። ሁለቱን የሚለየው ከኋላቸው የሚከተለው ነገር ሰዓት ወይም ሰው መሆኑ ነው።

ተንከባካቢዋ ከሜሪላንድ

ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመለሳችሁልኝ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰጣችሁኝን ይዤ ትናንት በአዛውንቱ የእንክብካቤ ዕቅድ ላይ ያለ አንድ መስመር ለመፍታት ሞከርኩ። ግሡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገኛል። በመጀመሪያው ላይ ተሳቢ አለው፣ እርሱም ውሃ ነው፤ ስለዚህ «አስ»ን ጨምሬ ውሃውን አስኪጂው፣ ማለትም ክፈቺው ብዬ ተረጎምኩት። በሁለተኛው ላይ ተሳቢ የለውም፤ ውሃው ራሱ ይወርዳል። ከእርሱ ቀጥሎ ግን «ለብ ያለ» የሚል ቅጽል አለ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን «ውሃው ለብ ብሎ እስኪወርድ ድረስ ክፈቺው» አልኩት።

ይህን ስጽፍ ያ በር ላይ ያቆመኝ ማስታወሻ ትዝ አለኝ። እዚያም ከግሡ ቀጥሎ የመጣው «ዘግይቶ» የሚል ቃል ነው፤ በጓንቱም «ዝቅ ያለ» የሚል ቃል ነበር። መምህር ሆይ፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው?

መምህር ከደብረ ማርቆስ

አንድ ዓይነት ናቸው፤ እኔ ዘልዬው የነበረውን እርስዎ አገኙት። ከ«ራን» ቀጥሎ ሁኔታን የሚገልጽ ቃል ሲመጣ፣ ግሡ የራሱን ጉልበት ለዚያ ቃል ይለቅና በዚያ ሁኔታ ላይ መሆንን ብቻ ይናገራል። አማርኛ «ጓንቱ እያነሰ ሄደ»፣ «ቀኑ እየመሸ ሄደ» ሲል «ሄደ» ከእግር ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው ሁሉ ማለት ነው። ትርጉሙን ከቀጣዩ ቃል ይውሰዱ፤ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ጓንቱ እያነሰ ነው፣ ሰውየው ዘግይቷል። አንድ ነገር ብቻ ያስተውሉ፤ ይህ አነጋገር ለዘገየ ሰው ሲነገር ሰውየው መዘግየቱን እንጂ ምን ያህል እንደዘገየ አይናገርም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ደውለው ይጠይቁና፣ ውሃውን ከፍተው አዛውንቱን ይጠቡ።