ክርክር፦ የአርቪኤምን ማስጠንቀቂያ ዝም እናሰኘው ወይስ ፋይል እንጨምር?

ጠያቂ፦ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ በተገባ ቁጥር አርቪኤም (የሩቢ ቋንቋን ቨርዥኖች የሚቀያይረው መሣሪያ) «ሩቢን የመረጥኩት ከጄምፋይል ነው» እያለ ያስጠነቅቃል። ጄምፋይል ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸው ጄሞች፣ ማለትም የሩቢ ላይብረሪዎች፣ የሚዘረዘሩበት ፋይል ነው። ቡድኑ «ዝም እናሰኘው» እና «ቨርዥኑን የሚናገር .ሩቢ-ቨርዥን የሚባል ፋይል እንጨምር» በሚል ለሁለት ተከፍሏል። እናንተስ?

ተርሚናል፦ ዝም ማሰኘት ይበቃል። መልእክቱ ራሱ «ችግር የለም፣ ሄሮኩም እንዲሁ ያደርጋል» ይላል እኮ፤ ሄሮኩ አፕ የሚሰቀልበት አገልግሎት ነው! «አርቪኤም አርቪኤምአርሲ ዋርኒንግ ኢግኖር ኦልጄምፋይልስ» ብለህ አንዴ ጻፍ፣ አለቀ።

ባለ ሪፖ፦ አለቀ የምትለው አንተ ማሽን ላይ ነው። ምርጫው ሪፖ (የፕሮጀክቱ የጋራ ኮድ ማከማቻ) ውስጥ ስለማይገባ ነገ ፕሮጀክቱን ክሎን የሚያደርገው ሰው ያንኑ ያያል። አርቪኤም ፋይሎችን በቅደም ተከተል ነው የሚፈልገው፤ .አርቪኤምአርሲ ይቀድማል፣ .ሩቢ-ቨርዥን ይከተላል፣ ጄምፋይል መጨረሻ ነው። .ሩቢ-ቨርዥን ውስጥ 3.3.6 ብለህ ኮሚት ካደረግክ ጄምፋይል ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ሌሎቹ የሩቢ ቨርዥን መቀያየሪያዎች፣ አርቢኤንቭ እና ሲኤችሩቢም ያነቡታል። የጄምሴት (ለአንድ ፕሮጀክት ተለይተው የሚቀመጡ ጄሞች) ስም ግን ከቁጥሩ ኋላ በ@ አትቀጥልበት፤ አርቢኤንቭ ሙሉውን እንደ ቨርዥን ስም ቆጥሮ «አልተጫነም» ይልሃል። ለጄምሴት .ሩቢ-ጄምሴት የሚባል ለብቻው ፋይል አለ።

ተርሚናል፦ ቁጥሩ ጄምፋይልም .ሩቢ-ቨርዥንም ላይ፣ ሁለት ቦታ ተጻፈ ማለት ነዋ። አንዱ 3.3.6፣ ሌላው 3.3.5 የሆነ ቀን ባንድለር (ጄምፋይሉን አንብቦ ጄሞቹን የሚጭነው መሣሪያ) ጭራሽ አልሠራም ይላል። ችላ የሚባል ማስጠንቀቂያ ሰጥተን ሥራ የሚያስቆም ስህተት ገዛን!

ባለ ሪፖ፦ ከባንድለር 2.4.19 ወዲህ ጄምፋይሉ ላይ ቁጥር አትጽፍም፤ «ሩቢ ፋይል፦ ".ሩቢ-ቨርዥን"» ትላለህ፣ ከዚያ ያነባል።

ዲፕሎይ፦ እሱ ላይ ዶከርን (አፑን ከነሚያስፈልገው ሁሉ አንድ ላይ የሚያሽገውን መሣሪያ) አትርሱ። ብዙው ዶከርፋይል ከባንድል ኢንስቶል በፊት ኮፒ የሚያደርገው ጄምፋይልንና ጄምፋይል ሎክን ብቻ ነው። .ሩቢ-ቨርዥን አብሮ ካልገባ ባንድለር ፋይሉን አጥቶ ቢልዱ ይወድቃል። ዶከር የሚዘልላቸው ፋይሎች በሚዘረዘሩበት .ዶከርኢግኖር ውስጥ ተጽፎ እንዳይሆንም እዩ።

ሌላው፣ ማስጠንቀቂያ ሁሉ አንድ አይደለም። የ.አርቪኤምአርሲው ከሆነ በፍጹም ዝም አታሰኙት፤ ፋይሉ የሼል ስክሪፕት ነው፣ ትረስት ካደረጋችሁት ፎልደሩ ውስጥ ስትገቡ ይሮጣል። «አርቪኤም አርቪኤምአርሲ ቱ ሩቢ-ቨርዥን» ይቀይረዋል። ውስጡ ኤክስፖርት የተደረገ ተለዋዋጭ ካለ ግን .ሩቢ-ቨርዥን አይሸከመውም፣ ቀድማችሁ ሌላ ቦታ አውጡት። አሮጌው ፋይል እዚያው ከቀረ እሱ ስለሚቀድም አዲሱ አይታይም። «ፓዝ (ሼሉ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) በትክክል አልተዘጋጀም» የሚለውም ቢሆን ችላ አይባልም፤ ብዙ ጊዜ .ባሽአርሲ ወይም .ዜድኤስኤችአርሲ ውስጥ ከአርቪኤም መስመር በኋላ ያለ ሌላ መስመር ፓዙ መጀመሪያ ላይ ሌላ ፎልደር አስገብቶበት ነው። የአርቪኤምን መስመር ወደ ፋይሉ መጨረሻ አውርዱ፣ አዲስ ተርሚናል ክፈቱ።

ተርሚናል፦ ለአፕሊኬሽን እሺ፣ ተረታሁ። ጄም ለሚሠራ ሰው ግን አልስማማም። በ3.1ም በ3.3ም መሞከር ያለበት ላይብረሪ አንድ ቁጥር ኮሚት አድርጎ ምን ይሆናል? ዝቅተኛውን ቨርዥን ጄምስፔክ ውስጥ «ሪኳየርድ ሩቢ ቨርዥን» ይናገራል።

ባለ ሪፖ፦ ለጄም እኔም አላስገባም። .ሩቢ-ቨርዥንን ሪፖ ውስጥ የማይገቡ ፋይሎች በሚዘረዘሩበት .ጊትኢግኖር ውስጥ ጻፈውና እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ።