ቴራፒስቴ ትከሻዬን ስትነካኝ ደረቅኩ፣ ልንገራት?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመኪና አደጋ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ በሰውነት ላይ የሚያተኩር ቴራፒ ጀመርኩ። እስካሁን ወድጄው ነበር፤ እግርሽ መሬት ሲረግጥ ምን ይሰማሻል፣ ትንፋሽሽ የት ጋ ይያዛል፣ እንዲህ ነው የምትለኝ። ባለፈው ግን "ትከሻሽ ላይ እጄን ላድርግ?" ስትለኝ ሳላስብበት እሺ አልኩ። እጇ ገና ሲያርፍ ትንፋሼ ቁርጥ አለ፣ ጣቶቼ ቀዘቀዙ። እሷ ያስተዋለች አልመሰለኝም። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል። መነካት የግድ ነው እንዴ?

መልስ 1፦
በፍጹም የግድ አይደለም። እኔ እዚሁ ሙያ ውስጥ ነኝ። ፒተር ሌቪን የጀመረው ሶማቲክ ኤክስፒሪያንሲንግ የሚባለው፣ በሰውነት ስሜት ላይ የሚያተኩር የድንጋጤ ህክምና ራሱ ያለ ምንም ንክኪ፣ በኦንላይንም ይሰራል። ዋናው ነገር ውስጥሽ ያለውን ስሜት ቀስ እያልሽ መከታተል ነው። ድንጋጤ ያለፈበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እምቢ ከማለት እሺ ማለት ይቀለዋል፣ መድረቅም ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። ስለዚህ ባለሙያ አንዴ ጠይቆ አይበቃውም፤ እጁ ካረፈ በኋላም ፊትሽንና ትንፋሽሽን ማየት አለበት። ንገሪያት እህቴ። "እሺ ያልኩሽ ሳልፈልግ ነው፣ ደርቄ ነበር" በያት፣ በቃ። ከተቆጣች ወይ ካቃለለችው ሌላ ሰው ፈልጊ።

መልስ 2፦
እውነት ነው፣ ግን ለወደፊቱ በሩን ጨርሰሽ አትዝጊው። ጸጉር ባለው ቆዳችን ውስጥ ለስለስ ላለ ዳሰሳ የተሰሩ ነርቮች አሉ፣ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር በሚሄድ እጅ ነው በደንብ የሚነቁት። እኔ የጀመርኩት በራሴ እጅ ነው። ቴራፒስቴ ከወንበሩ ሳይነሳ መዳፌን ደረቴ ላይ አስደርጎኝ ሙቀቱ እስኪሰማኝ ይጠብቀኝ ነበር። ከወራት በኋላ እኔው ጠየቅኩት። መጀመሪያ ግን "አንሳ" ማለትን ተለማመድን፤ እጁን ጀርባዬ ላይ ያደርጋል፣ አንሳ እላለሁ፣ ያነሳል። ሦስት አራት ጊዜ። ለእኔ ህክምናው እሱ ነበር።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። ወሲባዊ የሆነ ንክኪ በምንም ስም ህክምና አይባልም። እንደዚያ ከሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ወጥቶ ማመልከት ነው።

ጠያቂዋ፦
ዛሬ ነገርኳት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ይቅርታ ጠየቀችኝና ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ "እዚህ ይበቃል?" አለችኝ። ትንሽ ራቂ አልኳት፣ ራቀች። ያኔ ትንፋሼ ወረደ።