ላፕቶፔ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ሰኞ የመውጫ ፈተና አለኝ፤ ድረሱልኝ!

ጠያቂ (ደሴ)፦ ማታ ሲሠራ አመሸ፣ ጠዋት ስክሪኑ ድርግም አለ። የአራት ዓመት የፖለቲካል ሳይንስ ኖቴ እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ኮፒ የለኝም። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ጥገና ቤት «ማክሰኞ ነይ» አሉኝ። ያለ ኖት አልቆልኛል።

የጦሳ ልጅ፦ አብሽሪ እህቴ። ቻርጀሩን ንቀይና የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሴኮንድ ተጭነሽ ያዢ። ፋኑ ይሰማል?

ጋሼ፦ ልጄ፣ ፋይል በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ደግሞ ሥራው ላይ ይብስሻል። እኔ በዚሁ ትምህርት ተመርቄ ወረዳ ስቀጠር የጠየቁኝ ስለ ፕላቶ አይደለም። አንድ ገጽ ሪፖርት አስጻፉኝ፣ ኤክሴል አስከፈቱኝ። ከአሁኑ ልመጂ።

ጠያቂ፦ ፋኑ ይሰማል፣ መብራቱም ይበራል። ስክሪኑ ብቻ!

ሐይቅ ዳር፦ ቻርጀሩን ነቅለሽ ቁልፉን ያዢው።

የጦሳ ልጅ፦ ብያታለሁ እኮ 😂

ቦርከና፦ ኤችዲኤምአይ ኬብል ተዋሺና ከቲቪ ጋር አገናኚው። ምስል ከመጣ የሞተው ስክሪኑ ብቻ ነው፤ ኖትሽን ቶሎ ወደ ፍላሽ ገልብጪ። ካልመጣ ባለሙያ ራሙን (የሚሞሪ ካርዱን) ያውጣው፤ ቢጫውን ጥርስ በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጎ ጠርጎ ይመልሰው። የእኔ በዚህ ተነስቷል።

የ2015 ተፈታኝ፦ «አልቆልኛል» ያልሽውን አልቀበልም። ማለፊያው 50 ነው። የአራት ዓመት ኖት በአራት ቀን አይነበብም። ሕገ መንግሥቱን ስልክሽ ላይ አውርጂ፤ 106 አንቀጽ ነው። 51 እና 52ን ጎን ለጎን አንብቢ፤ የፌዴራልና የክልል ሥልጣን እዚያ ነው። 62 እና 83ንም እንዳትዘይ፤ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። እኔ መጀመሪያ እዚህ ላይ ተምታቶብኝ ነበር። ስለ ውል ስታነቢ የ1881ዱን የውጫሌ ውል አስቢ። ከሐይቅ ወደ ወልድያ ስትሄጂ የምታልፊያት ውጫሌ ናት። አንቀጽ 17 ላይ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መገናኘቷ በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። በአንድ ቃል ዓድዋ ድረስ ተሄደ።

ሐይቅ ዳር፦ ሠራልሽ እንዴ?

እናት ዓለም፦ ሙጋድ ሰፈር ነኝ። ቲቪም ኬብልም አለ፣ እናቴም ቤት ናት። ዛሬ ማታ ነይ፤ ቅዳሜ ወንድሞቼ ኳስ ይዘው አይለቁልሽም። ፍላሽ ያዢ። አድራሻውን በውስጥ ልኬልሻለሁ።