ጥያቄ፦ ሳሙስ ላይ የሚጣበቀውን ሜትሮይድ እንዴት ማስለቀቅ ይቻላል?

የማታ ተጫዋች (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን የመጀመሪያውን «ሜትሮይድ» የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ፣ ሳሙስ የምትባለውን ጀግና እየመራሁ፣ እየተጫወትኩ ነው። ክሬይድንና ሪድሊን የተባሉትን አለቃ ጠላቶች አሸንፌ ወደ መጨረሻው ክፍል ወደ ቱሪያን ስወርድ፣ ጄሊፊሽ የሚመስል፣ ውስጡ ቀያይ ፍሬዎች የሚታዩበትና ከታቹ ሹል ጥርስ ያለው ሜትሮይድ የሚባል ተንሳፋፊ ፍጡር እየበረረ መጥቶ ሳሙስ ላይ ይጣበቃል። ከተጣበቀ ወዲህ ብዘልም ብተኩስም አይለቅም፤ ጉልበቷም ዓይኔ እያየ ያልቃል። የያዝኩት መሣሪያ ኖርፌር ከሚባለው የጨዋታው ክፍል ያገኘሁት የሞገድ ጨረር ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?

ካሴት ነፊ፦
ከተጣበቀብዎት መዝለሉን ይተዉት፤ ጉልበት ከመጨረስ በቀር ትርፍ የለውም። ወዲያውኑ ወደ ታች ተጭነው ሳሙስን ወደ ኳስ ይቀይሯትና ቦምብ ይጣሉ፤ የሚያስለቅቀው ፍንዳታው ነው። አንዱ ካልበቃ ደጋግመው ይጣሉ።

የዋሻ ልጅ፦
ቦምቡ ያስለቅቃል እንጂ አይገድልም። ዋናው ችግር የያዙት ጨረር ነው፤ የሞገድ ጨረር ሜትሮይድን ምንም አያደርገውም። በ1994 በወጣው «ሱፐር ሜትሮይድ» የሞገዱንና የበረዶውን (ጠላትን የሚያደርቀውን) ጨረር አጣምሮ መያዝ ይቻላል፤ በዚህኛው ግን አንዱን ሲያነሱ ሌላው ስለሚጠፋ፣ የሞገዱን ሲወስዱ የበረዶው ጨረር ከነበረዎት ያን ጊዜ አጥተውታል ማለት ነው። ስለዚህ በአሳንሰሩ ብሪንስታር ወደሚባለው ክፍል ተመልሰው የበረዶውን ጨረር ያንሱ (ኖርፌርም ውስጥ አንድ አለ)። ከዚያ ፍጡሩ ገና በሩቁ ሳለ በጨረሩ ሲመቱት ባለበት ደርቆ ይቆማል፤ ሳይዘገዩ ከጨረር ወደ ሚሳይል የሚቀይረውን «ሴሌክት» ቁልፍ ተጭነው አምስት ሚሳይል ይልቀቁበት። ቅዝቃዜው ቶሎ ስለሚለቅ በመሀል ማመንታት አይገባም።

ቁጥብ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም በየመንገዱ ያገኙትን ሁሉ መግደል ግዴታ አይመስለኝም። የደረቀ ሜትሮይድ እንደ ድንጋይ ስለሚሆን ሊቆሙበት ይችላሉ፤ መንገድ ካልዘጋብዎ አድርቀውት ቢያልፉ ሚሳይል ይቆጥባሉ። ወደ መጨረሻዋ ጠላት ወደ እናት አንጎል የሚወስደውን መንገድ የዘጉት አምስቱ ዜቤታይቶች የሚፈርሱት በሚሳይል ብቻ ነውና፣ እዚያ ባዶ እጅዎን እንዳይደርሱ። ረጅሙን ጨረር ካላነሱ ደግሞ ጥይቱ አጠገብዎ ላይ ስለሚቀር፣ በሩቁ ማድረቅ የሚባለው ነገር አይሠራልዎትም።

የማታ ተጫዋች (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብሪንስታር ተመልሼ የበረዶውን ጨረር አነሳሁና ሁለት ሜትሮይዶችን በተነገረኝ መሠረት ገደልኩ። ሦስተኛው ሲመጣ ግን «ሴሌክት»ን መልሼ መጫን ረስቼ ኖሮ፣ ጨረር የተኮስኩ መስሎኝ ያልደረቀውን ፍጡር በሚሳይል መታሁትና ተጣበቀብኝ፤ ያዳነኝ ቦምቡ ነው። አሁን ዜቤታይቶቹ ጋ ደርሻለሁ፤ ሚሳይሌ ግን 12 ብቻ ስለቀረ ወደ ኋላ ተመልሼ ልሞላ ነው።