አስቸኳይ! ጎርፍ እርከኑን ጥሶ ማሳችን ውስጥ ገባ

የአባቱ ልጅ፦ ወገን፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ትናንት ማታ የጣለው ዝናብ እርከናችንን ጥሶ የተዘራውን ጤፍ ጠርጎት ወረደ። አባቴ አሁን ነው የደወለልኝ። የተናደውን በአፈር ቢሞላውም ጎርፉ መልሶ ይበላዋል። ደመናው ዛሬም ከብዷል አለኝ። ማታ ሳይዘንብ ምን ያድርግ? እርከኑ ሳይሠራ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ አፍርሰን ብንገላገልስ?

ጎጃሜው፦ የት ነው? ስንት ዓመቱ ነው? ከበላዩ ምን አለ? ሐኪም ቤት ገብተህ «አመመኝ» ብቻ ብለህ ዝም አልክ እኮ።

የአባቱ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ደንግጬ ነው። ፋርጣ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ። የአፈር እርከን ነው፣ አራት ዓመቱ። ከበላያችን ያለው ጎረቤት ፈሰስ አውጥቶ ውሃውን ወደ እኛ ለቆታል።

የቀድሞ የልማት ሠራተኛ፦ ልጄ፣ ነገሩ ከሥሩ ይታይ። ኮንሶዎች በድንጋይ የካቡትን እርከን ከልጅ ልጅ እየጠገኑ አቆይተውት ነው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው። በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ የሠራነው ግን ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙው ፈረሰ። ለምን? ገበሬው የእኔ ነው አላለውማ!

ሚስማር፦ ጋሼ፣ ሰውየው ጎርፍ ውስጥ ቆሞ ታሪክ ይንገሩት እንጂ! ሃሃ

አረንጓዴ፦ ደሾ ሳር ትከሉበት። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ለከብትም ይሆናል።

ባለ ሞፈር፦ አፍርሱት እንዳትሉ። ጥፋቱ የእርከኑ ሳይሆን ከእርከኑ በላይ በኩል ያለው የውሃ መያዣ ቦይ ነው። አራት ዓመት ካልተጠረገ ደለል ሞልቶታል፤ ውሃው መያዣ ሲያጣ ዝቅ ባለው በኩል ዘሎ ይጥሳል። ለዛሬ መጀመሪያ ውሃውን ከላይ አስቀይሱት። ከዚያ የማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልታችሁ የተናደው ላይ እንደ ጡብ አነባብሩ፣ መጋጠሚያው አንዱ በሌላው ላይ እንዳይውል። ልቅ አፈር አታፍሱበት፣ ለጎርፉ ቀለብ ነው። ደለሉን ዝናቡ ጋብ ሲል አውጥታችሁ እርከኑ ላይ ደልድሉት።

ወይናደጋ፦ እኔ ግን ከልጁ ጋር ነኝ። የእኛ እርከን የአይጥ ሰፈር ሆኗል። መሬት ይበላል፣ በሬ ማዞሪያ የለም።

ባለ ሞፈር፦ አይጥና ጎርፍ ምን አገናኛቸው? ፋርጣ ዝናብ ይበዛበታል። ቦዩ ፍጹም ደልዳላ ሆኖ ውሃ ካቆረ መጣሱ አይቀርም። በመቶ ሜትር ግማሽ ሜትር ያህል ዘቅዘቅ ብሎ ውሃውን ቁልቁል ወደሚያወርደው መፋሰሻ መውጣት አለበት። መፋሰሻ አላችሁ?

አረንጓዴ፦ ደሾ ያልኩት ታይቷል?

ሚስማር፦ ታይቷል። ማታ ድረስ ይበቅላል?

የአባቱ ልጅ፦ መፋሰሻ የለንም። ውሃውን ወደ ታችኛው ጎረቤት ብንለቀውስ?

ጎጃሜው፦ ላይኛው የሠራባችሁን ታች ልትደግሙት ነው? ነገ ሽማግሌ ፊት ናችሁ። ሦስታችሁ ተስማምታችሁ በወሰኑ ላይ አንድ መፋሰሻ አውጡ፣ ወለሉን ድንጋይ አንጥፉበት።

የአባቱ ልጅ፦ እሺ። አባቴ ያለኝ ሦስት ከረጢት ነው ይላል።

ሚስማር፦ ላይኛውን ጎረቤት ጠይቁት። ጎርፍ የላከ ከረጢት አይነፍግም።

የአባቱ ልጅ፦ እየነገርኩት ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ጠፋ።

ባለ ሞፈር፦ እንደምን አደራችሁ? ከረጢቱ ያዘ?

ጎጃሜው፦ አንተ ልጅ፣ አለህ?