ጅማ ላይ «የአዞ ቆዳ ነው» የተባለ የእጅ ቦርሳ፣ በምን ይለያል?

የሂርማታዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡናማ የሴት ቦርሳ «ኦሪጅናል የአዞ ቆዳ» ተብሎ ቀርቦልኛል። ሻጩ የውስጥ ጠርዙን በላይተር ለብለብ አድርጎ አሸተተኝ፣ ፀጉር ፀጉር ይላል። ውሃም ጠብ አደረገበት። ውስጡ «ጄኑዊን ሌዘር» የሚል ማህተም አለው። ዋጋው የጥሩ ከብት ቆዳ ቦርሳ እጥፍ ገደማ ነው። ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ?

ስፌት ቤት
እህቴ፣ እሳቱም ውሃውም የነገሩሽ ፕላስቲክ አለመሆኑን ብቻ ነው። የበሬም፣ የፍየልም፣ የአዞም ቆዳ ሲለበለብ ሽታው ያው ነው። ማህተሙም «ቆዳ» አለ እንጂ «አዞ» አላለም። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የከብት ቆዳ በጋለ የብረት ሰሌዳ ተጭኖ ቅርፊት የወጣለት ነው፤ ቆዳነቱ አይካድም፣ ውሸቱ አዞነቱ ላይ ነው። ሁለቱንም ሙከራ ደግሞ እንዳያደርገው ንገሪው። በተለይ ተወልውሎ የሚያብለጨልጭ እውነተኛ የአዞ ቆዳ ውሃ ሲነካው እድፍ ይይዛል።

ከሱቁ ወጣ ብለሽ በቀን ብርሃን እዪው። ክዳኑን ቀስ አድርገሽ እጠፊው። የአዞ ቅርፊት ደረቅ ያለ ነው፤ በቅርፊትና በቅርፊት መሀል ያለው ቦይ ግን ለስላሳ ስለሆነ እጥፋቱ ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል። በሰሌዳ የታተመው ላይ ግን እጥፋቱ ቅርፊቱን መሀል ለመሀል ያቋርጠዋል፤ ቦዩም ተጨምቆ ስለደደረ በጥፍር ሲጫኑት አይሰረጉድም።

ቀጥሎ መንታ ፈልጊ። አንድ ለየት ያለ ቅርፊት ምረጪ፣ ለምሳሌ ጎኑ የተሰነጠቀ ወይም ሦስት ማዕዘን የመሰለ። ከዚያ ፊቱን፣ ጀርባውንና ጎኑን እያዞርሽ ቁርጥ እሱን የሚመስል ካለ እዪ። ሰሌዳው ስፋቱ የተወሰነ ስለሆነ ንድፉ ይደገማል። መንታው ከተገኘ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። እውነተኛው የሆድ ቆዳ ደግሞ መሀሉ ላይ ትልልቅ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጎን ሲሄድ እያነሰና እየከበበ ይመጣል፤ ዳር እስከ ዳር እኩል ቅርፊት ካየሽ ተጠራጠሪ።

ሌጦና ቆዳ
ነጥቧ ተረስታለች። የናይል አዞ የሆድ ቅርፊት ላይ፣ ወደ አንዱ ጠርዝ ጠጋ ብላ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ነጥብ አለች፤ የእንስሳው የስሜት አካል ናት። የስልክ ባትሪ ከጎን አብርተሽ ፈልጊያት። ከቅርፊት ቅርፊት ቦታዋ ትንሽ ይዛነፋል፤ የታተመው ላይ ወይ የለችም፣ ወይ ሁሉም ላይ አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብላለች። የአዞ ዘመድ የሆነው የአሜሪካው አሊጌተር ግን ሆዱ ላይ ይህች ነጥብ የለችውም፤ በምትኩ የእምብርት ጠባሳ አለው። ስለዚህ ነጥብ መጥፋቷ ብቻውን ፎርጅድ አያሰኝም፣ ከመንታውና ከእጥፋቱ ጋር አያይዢው።

ሌላ ዓይነት ቢያመጣልሽ፦ ዘንዶ ከሆነ ጣትሽን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ አሂጂ፤ በአንዱ አቅጣጫ ይንሸራተታል፣ በሌላው የቅርፊቱ ጫፍ ጣት ይይዛል። ሰጎን ከሆነ እብጠቶቹን እዪ። ላባ የወጣባቸው ስለሆኑ ጫፋቸው ላይ ቀዳዳ አላቸው፣ መጠናቸው ይለያያል፣ ጀርባው ላይ ይበዙና ወደ ዳር ይሳሳሉ። የታተመው እብጠት ውስጡ ባዶ ስለሆነ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይተኛል።

ወረቀት ይቅደም
ቦርሳው እውነተኛ ቢሆንም ጥያቄ አለበት። የኢትዮጵያ የናይል አዞ በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ስምምነት) አባሪ 2 ውስጥ ነው፤ ንግዱ የሚፈቀደው በፈቃድ ነው። አገር ውስጥ የሚታወቀው ምንጭ የአርባ ምንጩ አዞ እርባታ ነው። ሻጩን ቆዳው ከየት እንደመጣ ጠይቂው፤ ደረሰኙ ላይ «የናይል አዞ ቆዳ» ብሎ ይጻፍ። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቶሻል። ይዘሽ ከአገር የምትወጪ ከሆነ ቀድመሽ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቂ። ለግል ዕቃ ያለ ፈቃድ የሚያሳልፉ አገሮች አሉ፣ የሚወርሱም አሉ።

የሂርማታዋ
አመሰግናለሁ። ፊቱ ላይ በግራ በኩል ሹካ የመሰለ ቦይ አለ፣ ጀርባው ላይም ቁርጥ እሱ! ክዳኑ ሲታጠፍ ቅርፊቱን ያቋርጣል። ነጥብ የለም። ሻጩ አሁን «አዞ ሳይሆን ካይማን ነው» ብሏል።

ስፌት ቤት
ካይማን የአዞ ዘመድ ነው፤ እሱም መንታ የለውም። እሱ ቅርፊቱ ውስጥ አጥንት ስላለው የለፋው ቆዳ ጥቃቅን ጉድጓድ ይታይበታል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ያንቺው የከብት ቆዳ ነው።

ከወደድሽው በከብት ቆዳ ዋጋ ተደራደሪ። ያኔ የሚታየው ሌላ ነው፦ እጀታው ከአካሉ ጋር የተያያዘበት ቦታ በድርብ ስፌት ይሁን፣ የጠርዙ ቀለም በጥፍር ሲፋቅ አይላጥ፣ ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቺ ዝጊ። የጅማ ዝናብ ለቆዳ ጠላት ነው፤ በፌስታል ጠቅልለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ካስቀመጥሽው ይሻግታል። ወረቀት ሞልተሽ በነጠላ ጨርቅ ሸፍኚው፣ ክረምቱን በየሁለት ሳምንቱ ነፋስ አስመቺው፤ ከረጠበ ደግሞ ከከሰልና ከፀሐይ አርቀሽ ጥላ ላይ አድርቂው።